የመርሳት ሕመም ላለባቸው ወላጆች፦ የቀን እገዛ ወይስ የቀንና የሌሊት ጥበቃ?

የመርሳት ሕመም የያዘው ወላጅ ያለው የጅማ ቤተሰብ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፦ እናታችን በራሷ ቤት እየኖረች ቀን ቀን የሚያግዛት ሰው ይበቃታል ወይስ ከእንግዲህ ቀንም ሆነ ሌሊት ዓይን ሊለያት አይገባም? አብዛኞቻችን ይህን ጥያቄ የምንመልሰው በስሜት ነው። አንዱ ልጅ «ገና ደህና ናት፤ ትናንት እንኳ የልጅነቷን ታሪክ አንድም ሳታስቀር አጫወተችኝ» ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ ድስቱ ምድጃ ላይ አርሮ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ከደረሰችበት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው። እኔ እናቴን ስድስት ዓመት አስታምሜ፣ ከዚያም በሰፈራችን ይኸው ችግር የደረሰባቸውን ቤተሰቦች ሳማክር የተረዳሁት፣ ምርጫው መመዘን ያለበት ወላጃችን በሚያስታውሱት ወይም በሚረሱት ነገር ብዛት ሳይሆን ብቻቸውን በሚሆኑበት ሰዓት ሊደርስባቸው በሚችለው አደጋ መሆኑን ነው።

አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ስልክ በደወለ ቁጥር ሁለት ስሞችን ያነሳ ነበር፤ አሲስትድ ሊቪንግና ሜሞሪ ኬር። በዚያ አገር የመጀመሪያው አረጋውያን የየራሳቸው ክፍል ኖሯቸው፣ ምግብ እየቀረበላቸው፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስና መድኃኒት በሰዓቱ ለመውሰድ እገዛ እያገኙ፣ በቀረው ጊዜያቸው ግን በገዛ ፈቃዳቸው የሚወጡበትና የሚገቡበት መኖሪያ ነው። ሁለተኛው ለመርሳት ሕመምተኞች ተለይቶ የተዘጋጀ ሲሆን ነዋሪው ሠራተኛ ሳያውቅ ከበሩ አይወጣም፤ ሠራተኞቹ ለዚሁ ሕመም ይሠለጥናሉ፤ የቀኑ ውሎ በሰዓት የተደለደለ ነው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን በሁለቱም ዘንድ የመኖሪያና የቀለብ ወጪን ስለማይሸፍን እዚያም ቢሆን ብዙው ሸክም የሚወድቀው በቤተሰብ ላይ ነው። ይህን ያነሳሁት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛም ስለሚጠቅም ነው፤ አንዱ ማገዝ ነው፣ ሌላው መጠበቅ። በከተማችን ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ቤተሰቡ ራሱ ከጎረቤትና ከቤት ሠራተኛ ጋር ሆኖ ነው። አንዳንድ ሰዎች በአዲስ አበባ ያለውን መቄዶንያን ይጠቅሳሉ፤ ይሁን እንጂ ማዕከሉ የተቋቋመው ጧሪ ቀባሪ አጥተው የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ለማንሳት በመሆኑ ልጆች ያሏት እናት ቦታ የምትሻማበት አይደለም።

አስቀድሞ ሕመሙን ማረጋገጥ

ሰው «ጃጅታለች» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እርጅና ግን ብቻውን ሰውን አርባ ዓመት የኖረበትን ሰፈር አያስጠፋም። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም በአንጎል ላይ በሚደርሱ ልዩ ልዩ በሽታዎች የሚመጣ ሲሆን፣ ከመካከላቸው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ የሚይዘው አልዛይመር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት ሰዎች 57 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይገኛሉ። ስለዚህ በቤታችን የገባው ነገር ከጎረቤት የሚሸሸግ እርግማን ወይም ነውር አይደለም፤ መሸሸጉ ራሱ እናቲቱ መንገድ ስትስት አይቶ የሚመልሳትን ሰው ያሳጣናል።

መርሳቱና መዘባረቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ ነገሩ የምርጫ ሳይሆን የሕክምና ጉዳይ ነው፤ ያን ቀን ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በአረጋውያን ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን መመታት እንዲህ ያለ መቃዠት ሊያመጣ ይችላል፤ መንስኤው ሲታከምም ብዙ ጊዜ ይሻላቸዋል። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የመጣ ሲሆንም ቢሆን የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ በምርመራ መታየት አለባቸው፤ ሁሉም መርሳትን የሚያመጡ፣ ሁሉም ሕክምና ያላቸው ናቸውና። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል አረጋዊ ማንገላታት ቀዳሚው እርምጃ መሆን የለበትም።

ለምርመራ ሲሄዱ ሁለት ነገር አይርሱ። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትን ጨምሮ፣ በከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ ለሕመም ማስታገሻና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን እንዲሁም እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂ መድኃኒቶች የአረጋዊን ሐሳብ ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ወላጅዎ ምን ያህል እንደተማሩና አፋቸውን በምን ቋንቋ እንደፈቱ ለሐኪሙ ይንገሩ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በአማርኛ «ከ100 ላይ 7፣ 7 እየቀነሱ ይቁጠሩ» ተብለው ባይችሉ የሚያሳየው የትምህርትንና የቋንቋን ክፍተት ሊሆን ይችላል። ይልቁንስ ሂርማታ ገበያ ወርደው የሰባት ዓይነት ዕቃ ሒሳብ በቃላቸው ይይዙ የነበሩ ሴት ዛሬ የሁለቱ ይጠፋባቸው እንደሆነ መናገር ለሐኪሙ ብዙ ይጠቅመዋል።

ሁለት ሳምንት በደብተር

ከምርመራው በኋላ ወንድምና እህት ተሰብስቦ ከመወሰኑ በፊት ለሁለት ሳምንት በደብተር ይመዝግቡ። በየቀኑ ወላጅዎ በስንት ሰዓት ተነሡ፣ ምን በሉ፣ ብቻቸውን የነበሩት ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው፣ በዚያ ጊዜ ምን ሆነ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ፣ ወዴትስ ሄዱ? መዝጋቢው አብሮ የሚውለው ሰው እንጂ እሑድ እሑድ ቡና ሊጠጣ ብቅ የሚለው ልጅ አይሁን። የመርሳት ሕመምተኛ እንግዳ ሲመጣ ራሱን ሰብስቦ፣ ወጉን ጠብቆ አንድ ሰዓት ማለፍ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ቤተሰብ እርስ በርሱ «ታጋንኛለሽ» እየተባባለ ይጣላል። ደብተሩ ጠቡን ያበርደዋል።

ሲድኒ ካትዝ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ባወጣው መለኪያ ስድስት የዕለት ተግባራት ይታያሉ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ከእነዚህ የትኛውን ወላጅዎ ብቻቸውን እንደሚያደርጉ፣ የትኛውን በማስታወስ፣ የትኛውንስ በሰው እጅ እንደሚያደርጉ መጻፍ ለረዳት የሚሰጠውን ሥራ በትክክል ያሳያል። ይህ መለኪያ ግን አደጋን አይለካም። እናቴ ከቤት በወጣችበት ሌሊት ስድስቱንም ያለ ማንም እገዛ ታደርግ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አሳምራ ተከናንባ፣ የግቢውን በር ከፍታ፣ ወላጆቿ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በላይ ወደሆነው የጅሬን ቤቷ ጉዞ ጀመረች። ያገኛት አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ አዌቱ ወንዝ ዳር ቆማ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ተለውሶ፣ «እናቴ ትጠብቀኛለች» ስትለው ይዟት መጣ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ እኛ «የሚያግዛት ሰው ይበቃታል» ብለን ደምድመን ነበር።

ስለዚህ ደብተሩን ሲያነቡ አራት ነገሮችን ይፈልጉ። ወላጅዎ ያለ ሰው ከግቢ ወጥተው መመለሻው ጠፍቷቸው ያውቃል ወይ? እሳት፣ ከሰል ወይም ቡታጋዝ ለኩሰው ረስተው ያውቃሉ ወይ? ቢወድቁ ወይም እንግዳ ሰው ቢገባባቸው ጎረቤት መጥራት ይችላሉ ወይ? ሌሊትን ከቀን ለይተው ያውቃሉ ወይ? በእነዚህ ላይ አንድም አስጊ ነገር ካልተገኘና ችግሩ ምግብ መዝለል፣ መድኃኒት መርሳት፣ ልብስ አለመቀየር ብቻ ከሆነ የቀን እገዛ ይበቃል። ከአራቱ አንዱ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ብቻም ቢሆን፣ ከደረሰ ጥበቃ ያስፈልጋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። «ሁለተኛ ሲደገም እናያለን» ማለት እሳትንና ወንዝን በሚመለከት የሚሠራ አይደለም።

የቀን እገዛ የሚበቃ ሲሆን

ወላጅዎ በኖሩበት ቤት ይቆዩ። የመርሳት ሕመምተኛ አዲስ ነገር መልመድ እየተሳነው ቢሄድም የለመደው ነገር ለረጅም ጊዜ አብሮት ይኖራል፤ የመብራቱ ማብሪያ፣ የሽንት ቤቱ መንገድ፣ የጀበናው ቦታ በእጁና በእግሩ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው ተመላላሽ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛዋን በደላላም ሆነ በዘመድ ሲያገኙ ከባልትናዋ በፊት ትዕግሥቷንና ቋንቋዋን ይጠይቁ። ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ዘግይቶ የተለመደ ቋንቋ ቀድሞ ሊደበዝዝና ሰውየው ወደ አፍ መፍቻው ሊመለስ ይችላል። በጅማ በአፋን ኦሮሞ፣ በየምኛ፣ በዳውሮኛ ወይም በከፍኛ አፋቸውን ፈትተው ዕድሜያቸውን በአማርኛ የኖሩ ብዙ አረጋውያን ስላሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ውኃ እንኳ የምትጠይቀው በአፋን ኦሮሞ ነበር፤ ቋንቋውን የማትችለው የመጀመሪያዋ ሠራተኛ «ዝም ብላ ትጮኻለች» እያለች ታማርር ነበር፤ ቋንቋውን የምትችል ሌላ ልጅ ስትመጣ ግን ጩኸቱ በሳምንት ውስጥ ቀረ።

ለሠራተኛዋ ሥራውን በግልጽ ይንገሩ፤ ልብስ አጥቢ፣ ወጥ ሠሪና አስታማሚ በአንድ ደመወዝ መቅጠር ሦስቱንም ማበላሸት ነው። ወላጅዎን «አንቺ» እያለች እንደ ሕፃን እንዳትቆጣቸው፣ እንደ እናት «እርስዎ» ወይም በቤቱ ልማድ «እማማ» እያለች እንድትጠራቸው ያድርጉ፤ የመርሳት ሕመምተኛ የቃሉን ፍቺ ቢስት እንኳ የድምፁን ቁጣ አይስትም። መድኃኒት በየቀኑ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሲወስዱም ትመልከት። ደግሞም ወላጅዎን ሥራ አይከልክሏቸው። ቡና መልቀም፣ ምስር ማበጠር፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ሰው አጠገባቸው እያለ ቡና መቁላት ለዘመናት እጃቸው የለመደው በመሆኑ ሐሳባቸው ደክሞም ይሠሩታል፤ ከዚያ የሚያገኙትን እርካታ የትኛውም መድኃኒት አይሰጣቸውም።

የቀንና የሌሊት ጥበቃ ሲያስፈልግ

እዚህ ላይ ቤተሰብ በብዛት የሚሳሳተው «በየወሩ በተራ እንያዛት» በማለት ነው። ሐሳቡ ከፍቅርና ሸክምን እኩል ከመካፈል የመነጨ ቢሆንም ለሕመምተኛዋ ከባድ ነው፤ ቆጪ ያለውን ቤት ስትለምድ ወደ ቦሳ ትወሰዳለች፣ በየወሩ ሽንት ቤት እየጠፋት በየወሩ ትዋረዳለች። መዞር ካለበት ልጆቹ ይዙሩ፤ እሷ በአንድ ቤት ትቀመጥ፣ ሌሎቹ ተራ እየገቡ ከእሷ ዘንድ ይደሩ። ይህ የማይቻል ከሆነ አንድ ቤት ተመርጦ አልጋዋ፣ ጋቢዋ፣ ሥዕሏ ወይም መስገጃዋ፣ የለመደችው ወንበር አብሯት ይሂድ። ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ማስተኛትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ሌሊት ስትነሣ ማንም አይሰማትም፣ ቀንም ከሰው ድምፅ ትርቃለች።

በሩን በተመለከተ፣ የግቢው በር ለእሷ በማይታይ ወይም በማይደረስ ቦታ መቀርቀሪያ ይደረግለት፣ በሩ ላይም ሲከፈት የሚሰማ ቃጭል ይንጠልጠል። ሰው ሳይኖር ቆልፎባቸው መሄድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እሳት ቢነሣ መውጫ የላቸውም። የልብሳቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ የልጅ ስልክ ቁጥር ይሰፋ፤ ለዕድሩ ዳኛ፣ ለማዕዘኑ ሱቅ፣ በሰፈሩ ለሚቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች ሁኔታው ይነገር። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ የረጠበ ደረጃና ያዳለጠ ግቢ ለአረጋዊ ዳሌ ትልቅ ጠላት በመሆኑ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ውጭ ከሆነ ሌሊት ፖፖ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ። በብርድ ምክንያት ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድ ጤነኛውንም ይገድላልና አይታሰብ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙ ሕመምተኞች ይረበሻሉ፤ «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ይበዛል። ከመጨለሙ በፊት መብራት ያብሩ፣ መብራት ለሚጠፋበት ጊዜም የሚሞላ ባትሪ ያዘጋጁ፣ የቤቱን ሁካታ ይቀንሱ። «ቤትሽ እኮ ይህ ነው፣ እናትሽም ሞታለች» ብሎ መከራከር ኀዘኑን በየማታው እንደ አዲስ ማርዳት ነው። «እስቲ ስለ እናትሽ አጫውቺኝ፤ ምን ትሠራ ነበር?» ማለት ወደ ሰላም ይመልሳል። ይህን ማለት ውሸት ነው ብለው የሚጨነቁ ልጆች አሉ፤ የሚሉትን ሰምቶ፣ ስሜታቸውን ተቀብሎ ወሬውን ማስቀየር ግን ውሸት አይደለም።

ለእንቅልፍ ብለው ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ገዝተው አይስጡ። ዳያዚፓም መውደቅንና መደናገርን ያባብሳል። እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉት የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ደግሞ በመርሳት ሕመምተኛ አረጋውያን ላይ የሞትን አደጋ ስለሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አድርጓል፤ ሐኪም አስፈላጊ ናቸው ካለ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ በክትትል ይሰጣሉ። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦች መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ጾምን በሚመለከት፣ የበሉትን የሚረሱ እናት መጾማቸውንም ይረሳሉ፤ በክርስቲያን ቤት የንስሐ አባትን፣ በሙስሊም ቤት ኢማሙን ማማከር ይገባል፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ መንገድ አላቸው።

ሸክሙና ወረቀቱ

ጥበቃ የሚባለው ነገር አንድ ሰው የሚሸከመው አይደለም። በቀን 24 ሰዓት አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም በአንዲት ያላገባች ወይም ሥራ በሌላት ሴት ልጅ ላይ ይጣላል። ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ወንድም ድርሻውን እንደተወጣ ይቆጥራል፤ ገንዘቡ ያስፈልጋል፣ ሌሊት ግን ከአልጋ አይነሣም። ስለዚህ ስብሰባው ላይ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ይከፋፈል፦ ማን በየትኛው ሌሊት ያድራል፣ አስታማሚዋ በሳምንት የትኛውን ቀን ሙሉ ታርፋለች፣ የአዳሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከማን ይወጣል? ሩቅ ያለው ልጅ በገንዘቡ ሌሊት የምታድር ሁለተኛ ሰው መቅጠር ይችላል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ልገሳም ይኸው ይመስለኛል። በሕጋችንም ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ ስላለባቸው ጉዳዩ ለአንዱ ልጅ ደግነት ብቻ የተተወ አይደለም።

የውክልና ጉዳይ ሳይዘገይ ይታሰብበት። ውክልና የሚጸናው ሰጪው ምን እንደሚሰጥ ተረድቶ ሲሰጥ በመሆኑ የጡረታውን፣ የባንኩንና የቤቱን ነገር በሕመሙ መጀመሪያ፣ ሁሉም ልጆች ባሉበት፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር መጨረስ ይሻላል፤ ሰጪው በኋላ አቅም ሲያጡ ውክልናው ምን እንደሚሆንም ባለሙያውን ይጠይቁ። ጊዜው ካለፈ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍርድ ቤት ሞግዚት የሚሾምበትን መንገድ ያስቀምጣል። ማስተዋል ያጡ እናትን እጅ ይዞ ማስፈረም ግን በደል ነው፤ ከሞት በኋላ ወንድማማቾችን ለዓመታት ፍርድ ቤት የሚያመላልሰውም እንዲህ ያለው ፊርማ ነው።

የተወሰነው ነገር በየሦስት ወሩ ይከለስ፤ ሕመሙ አንድ ቦታ አይቆምምና። ውኃ ሲጠጡ መሳልና ትን ማለት፣ ክብደት መቀነስ፣ አልጋ ላይ መዋል ሲጀመር ለሐኪም ይነገር፤ ከአልጋ የማይነሡ ከሆነም ቁስል እንዳይወጣባቸው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ። ደብተሩም አይጣል። የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ፣ የቀኑም ለሌሊቱ የሚያስረክበው እሱን ነው፤ በእኛ ቤት ከበሩ ጀርባ በሚስማር ላይ ከእርሳሱ ጋር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር፣ የሚገባው ሰውም ጫማውን ሳያወልቅ በፊት ያነበው ነበር።